ራስና እግሩ የተቆረጠ ኮንሰርት

መስከረም 14

ለጆሮ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጅህ እንዴት ናት? ወገብህስ ተሻለህ? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። እሷ ከማስተማር ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታርመው ተማሪ ስላጣች እኔን ታርማለች፤ ከዚያ ውጪ የሚከፋ ነገር የለም። ሶፋ መሥራቱንም አልተውኩም። ሰው መቀመጥ እስካልተወ ድረስ ሥራ አላጣም።

ዲስኩ ደርሶሃል ወይ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ደርሶኛል። ምነው መንገድ ላይ በጠፋ!

ሳጥኑ ያምራል፤ እሱን አልክድም። በወርቃማ ቀለም «ያ ታላቅ የሮክ ኮንሰርት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ታድሶ» ይላል። በፋብሪካው ግቢ የተጫወትነውን የባንዳችንን የመጨረሻ ኮንሰርት አስታውሶ የሚያሳትም ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ እኔ መነጽሬን ወልውዬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ዘፋኛችን ወንድም ጋሼ ነው፤ ከቅንድቡ በላይ ግን የለም። ያ የሚኮራበት ጎፈሬ ተቆርጧል! ለካ ምስሉን ለዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን እንዲስማማ ብለው ከላይም ከታችም ከርክመውታል። ጊታር ተጫዋቻችን አናት የለውም። እኔ ደግሞ እግር የለኝም። ትልቁን ድራም በእግሩ ፔዳል የሚመታ ሰው እግር ከሌለው ምን ቀረው? ከሳጥኑ ጋር የመጣችው መጽሔት ባሰባት፤ «ድራመሩ» ብላ የጻፈችው በቤዝ ተጫዋቹ ፎቶ ሥር ነው። ባለቤቴ፣ «ይሄኛው ካንተ ያምራል፤ ዝም በል» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ይቅር እል ነበር። ቆሽቴን ያሳረረው ድምፁ ነው። የቤዙ ጊታር ጠፍቷል። ትልቁ ከበሮዬ ባዶ ካርቶን የመቱት ይመስላል። ሲምባሉ፣ ያ የነሐስ ሳህኔ፣ ግን ጆሮ ይበሳል። የወንድም ጋሼ ድምፅ፣ ያ ከደረቱ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ፣ ቀጥኖ ቀጥኖ አንዳንዱ ቃል ፉጨት ሆኗል። ድመታችን ከክፍሉ ወጥታ ሄደች።

ይህን ድምፅ አስተካከልኩ ያለው ማነው? ደንቆሮ ነው! ጆሮ ያለው ሰው ይህን አያደርግም። ለአሳታሚዎቹ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። የሰውየውን ስም ይነግሩኛል፣ እሱም ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዲስኩንም እንደገና ይሠሩታል። ያን ቀን ድምፁን የቀዳኸው አንተ ነህ፤ ሰዎቹ አንተን አላማከሩህም ወይ? ግቢው ጥግ ቆመህ የትኛው የጊታር ክር እንደላላ በጣትህ የምትጠቁም ሰው ነበርክ፤ ጆሮ ብለን የሰየምንህ ለዚህ አይደል? ከፊርማዬ ጎን ፊርማህ ካለበት ይሰሙናል። ላክልኝ።

የመጨረሻውን ዘፈን አይተኸዋል ወይ ላልከው፣ አላየሁትም። እዚያ ስደርስ አጠፋዋለሁ። በቪዲዮ ካሴቱ ዘመንም እንዲሁ ነበርኩ። ካንተ የምደብቀው ነገር የለም። ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዘፈን ላይ እግሬ ድርቅ አለብኝና የከበሮው ዱላ ከእጄ አምልጦ ሕዝቡ መሀል ገባ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወንድም ጋሼ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረኝ። በጩኸቱ አልሰማሁትም፤ ፊቱ ግን ኮስተር ብሎ ነበር። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረና ስለ ደመናውና ስለ አየሩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቀባጠረ። ለኔ ጥፋት ይቅርታ እየጠየቀልኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ባንዱ አንድ ላይ አልተጫወተም። እሱም ሳይነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቀው፣ ይኸው ካረፈ ሰባት ዓመቱ። «አበላሸኸው» ነው ያለኝ፤ ሌላ ምን ይለኛል? በዓይኔ ያየሁትን በጆሮዬ መስማት አልፈልግም።

ደግሞስ ስልክ ስደውል ለምን አታነሳም? በዚህ ሳምንት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ዛሬም ምት የሚያስሮጠው
ቸኩሌ


መስከረም 27

ለቸኩሌ፣

ሰላምታዬ ላንተ፣ ለባለቤትህ፣ ለድመቷም ይድረስ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥር ቀን አልፎታል። መዘግየቴን ይቅር በለኝ። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ።

ስለ ስልኩ፣ እኛ ቤት መስመሩ ጥሩ አይደለም። ደግሞ ደብዳቤ ምን ይወጣለታል? ደብዳቤ ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም። አንተ እንኳ።

ስለ ሥራዬ ልንገርህ፣ ራዲዮና ቴፕ መጠገን ትቻለሁ። አሁን የምጠግነው ሰዓት ነው። ሰዓት መሄድ አለመሄዱ በዓይን ይታያል፤ ሌላ ነገር አይፈልግም። ልጄ ፎቅ ላይ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጣልኛለች። ጠዋት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ መዳፌ ላይ ታርፋለች፤ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ እስከ ምሳ እቀመጣለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው፤ ይህን የምልህ እንዳታዝንልኝ ብዬ አይደለም።

ስለ ምስሉ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። የወንድምህን ጎፈሬ መቁረጥ ወንጀል ነው፤ ይታሰሩ ብትል አልቃወምም። ስለ ድምፁ ግን መጀመሪያ ቴሌቪዥንህን ተመልከት። ትሬብል የሚባል ማስተካከያ አለው፤ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ። ዝቅ አድርገው። ምናልባት ያኔ ይሻልሃል።

ሰዎቹ አንተን አላማከሩህም ወይ ላልከው፣ ያው አንድ ሰሞን ደውለው ነበር። ይጠይቃሉ፤ ብዙ ነገር ይጠይቃሉ።

ፊርማዬን አሁን አልልክልህም። እባክህ አትቀየመኝ። ደብዳቤውንም ትንሽ አቆየው። የግድ ልላክ ካልክ ደግሞ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል አውጣው። ሰውየው ማን እንደሆነ አታውቅም። ልጅ ትኖረው ይሆናል፤ ደብዳቤውን የምታነብለት እሷ ትሆን ይሆናል።

የመጨረሻውን ዘፈን እስከ መጨረሻው እየው። ለምን እንደምልህ አሁን አልነግርህም።

ጆሮ


ጥቅምት 9

ጆሮዬ፣

ትሬብሉን ዝቅ አደረግኩት። ወንድም ጋሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለ። መልሼ ከፍ አደረግኩት፤ ድመቷ እንደገና ወጣች። ቴሌቪዥኔ ምንም አልሆነም፤ ተው እንጂ!

ደብዳቤውን ልኬዋለሁ። በምክርህ «ደንቆሮ» የሚለውን አውጥቼ «ጆሮው የተደፈነ» ብዬ ተክቼዋለሁ፤ ባለቤቴም ይሻላል ብላለች። ስሙን እንዲነግሩኝ የጠየቅኩበትን መስመር በቀይ አስምሬበታለሁ። ፊርማህን ስለነፈግከኝ ተቀይሜሃለሁ። ብዙ አይደለም፤ እስከ ማክሰኞ ይወጣልኛል።

በመሀል በላክሃት ካርድ ላይ፣ «አንድ ዲስክ ይህን ያህል ምን ያናድዳል?» ብለሃል። እሺ ልንገርህ። አሮጌው ካሴት አለቀ። ምስሉ አሁንም ይታያል፤ ድምፁ ግን ከጠፋ ቆየ፤ ሽው የሚል ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ወንድም ጋሼ በሕይወት ሳለ ድምፁን መቅዳት ለማናችንም ትዝ አላለንም። ሰው እያለ ማን ይቀዳዋል? በየሳምንቱ ይመጣል፣ ሶፋዬ ላይ ይጋደማል፣ «ይሄ ስፕሪንግ ይወጋል» ይለኛል፣ ይሄዳል። አሁን ድምፁን የምሰማበት አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ይህ ዲስክ። ያንንም አንድ የማላውቀው ሰው ፉጨት አደረገብኝ። ለዚህ ነው ደሜ የፈላው።

የባለቤቴ ጉልበት ተሽሏታል። ስለጠየቅክ አመስግናሃለች፤ «ያ ሰው ግን የሆነ ነገር ይደብቃል» ብላለች። እኔ አይመስለኝም።

ቸኩሌ


ኅዳር 3

ውድ ጆሮ፣

ዛሬ የምጽፍልህ ለምንም አይደለም። እንዲያው ሰላም ልልህ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪም ለመጠበቂያ ክፍሉ ረጅም ሶፋ አዞኝ እሱን እየለበጥኩ ነው። «በጣም አይመች፤ ሰው ይተኛብኛል» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ዲስኩ ያልኩህን እርሳው። ያው ቸኩዬ ነው፤ ስሜም ይኸው ነው። ሰው ሲደጋግመው ይለምደዋል ለካ። ሲምባሉ እኮ ብሩህ ነው! ባለቤቴም «ጥርት ያለ ነው» ብላለች። ድመቷም አሁን በር ላይ ሆና ታያለች። በዚያ ላይ ያንን የሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የቻለውን ያህል ነው የሠራው። ማን ያውቃል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ይሆናል። ጥሩ ሰው ይሆናል። እንዲያውም ጥሩ ሰው እንደሆነ ይታየኛል።

አሳታሚዎቹ መልስ አልሰጡኝም። ሥራ ይበዛባቸዋል። እኔም ነገሩን ትቼዋለሁ።

ስልክ ባለማንሳትህም አትጨነቅ። ደብዳቤ ይሻላል ያልከው እውነት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፊደሌን ጎላ ጎላ አድርጌ እጽፋለሁ።

ልጅህን ሳምልኝ።

ቸኩሌ


ኅዳር 3

ለቸኩሌ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው። መቼስ ሶፋ አታጣም።

ያ ደንቆሮ እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍኩት። አራት ወረቀት ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። ልጄ ከበስተጀርባዬ ቆማ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ካልላክከው እኔ እልከዋለሁ» ብላኛለች።

ከዓመት በፊት ነው የጠሩኝ። «ኮንሰርቱን የቀዱት እርስዎ ስለሆኑ ድምፁን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም» አሉኝ። ልቤ እንዴት እንዳበጠ አትጠይቀኝ። ሸሚዝ አስተኩሼ ሄድኩ። አንዲት ቴክኒሻን ማሽኑ ላይ ተቀምጣለች፤ ረጋ ያለች፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ሲምባልህን ፈለግኩት፤ የለም። እጅህ ሲወርድ አያለሁ፣ ድምፁ የለም። ቴፑ አርጅቶ ነው አልኩ። «ቀጫጭኑን ከፍ አድርጊው» አልኳት። አደረገችው። «አሁንም ከፍ»። አደረገችው። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። እኔ ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው? «እኔ ድምፅ ስቀዳ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ያልኩትን ሁሉ ሠራች። ሲምባልህ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ እስኪሰማኝ ድረስ አስጨመርኩ። ስንጨርስ ፈርሜ ወጣሁ። በመንገዴ ሁሉ እያፏጨሁ ነበር የሄድኩት።

ከወር በኋላ ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። በሩ ሲንኳኳ አልሰማ፣ ስልክ ሲጮህ አልሰማ ስል ሰልችቷት ነው። ሐኪሙ አንድ ወረቀት አሳየኝ፤ መሥመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። «ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ ዕድሜ ልክዎን ከድምፅ ማጉያ ጋር ኖረዋል» አለኝ። ወረቀቱን ሳይ የመጣብኝ የገዛ ሕመሜ አይደለም። ዲስኩ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ታትሞ አልቋል።

ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው። ፊት ለፊት ቀስ ብለው ካናገሩኝ እግባባለሁ፤ ስልክ ላይ ግን አንተ የቸኮልከው ቀርቶ የተረጋጋ ሰው የሚለውም አይገባኝም። መስሚያ ሰጥተውኛል፤ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለምን እንደማላደርገው ልጄ ትጠይቀኛለች። ጆሮ ተብሎ አርባ ዓመት የተጠራ ሰው በጆሮው ዕቃ ሰክቶ እንዴት ሰው ፊት ይወጣል? በተለይ አንተ ፊት።

የወንድምህን ድምፅ ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ የመጨረሻውን ዘፈን እየው ብዬ የወተወትኩህ በሱ ምክንያት ነው። ወንድምህ ወዳንተ ዞሮ የሚናገርበት ቦታ ስንደርስ ቴክኒሻኗ ሳቀች። ደስ ብሏት ነው የሳቀችው፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ምን አለ ብዬ እንዳልጠይቃት አለመስማቴ ሊታወቅብኝ ነው። ስለዚህ እኔም ሳቅኩ! አየህ ጉዴን? አንድም ቃል ሳልሰማ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ከልቤ ሳቅኩ። ወንድምህ ምን እንዳለህ ዛሬም አላውቅም። ግን ቸኩሌ፣ ስድብ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት እንደዚያ አትስቅም።

ጆሮ (ከእንግዲህ ሌላ ስም ካወጣህልኝም እቀበላለሁ)


ኅዳር 15

ጆሮዬ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። የኔን አንብበህ ስቀህብኛል፣ አይደል? ሳቅ፤ ይገባኛል።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። አሳታሚዎቹ መልሰውልኝ ነበር፤ ከጥቅምት ሃያ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው። «የድምፁን ሥራ የመሩት ኮንሰርቱን በወቅቱ የቀዱት ባለሙያ ራሳቸው ናቸው» ይላል። ሳነበው መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና፣ «ስልኩን የማያነሳው ለካ...» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ፤ ሰዓት መጠገንህ፣ «ልጅ ትኖረው ይሆናል» ያልከው። አንጀቴን በላኸኝ። ዘጠኝ ጊዜ ደውዬ ዘጠኝ ጊዜ ተሳድቤያለሁ እኮ! ያን «ደንቆሮ» ያልኩበትን ደብዳቤ ደግሞ ልጅህ አንብባው ከሆነ ፊቷ የምቆምበት ዓይን የለኝም።

እንዳላወቀ ልሁን ብዬ ወሰንኩ። ሲምባሉ ብሩህ ነው፣ ድመቷ ተመለሰች፣ ምናምን ብዬ ጻፍኩልህ። ድመቷ አልተመለሰችም፤ ጎረቤት ናት።

አሁን አንድ ጊዜ ልቆጣህና ይብቃ። ጆሮህ ስለሄደ አልተቀየምኩህም። መሄዱን ለኔ ስላልነገርከኝ ነው የተቀየምኩህ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ለሐኪም የነገርከውን ለኔ ትደብቃለህ? እኔ አሁን ከሶፋ ሥር ወድቆ የቀረ ሚስማር ለማንሳት ሁለት ሰው የሚደግፈኝ ሰው ነኝ። ባንተ ጆሮ ልስቅ ኖሯል? በል፣ አለቀ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ስለ «ደንቆሮው» ይቅር በለኝ። ስምህም ጆሮ እንደሆነ ይቀራል።

ስለ ቴክኒሻኗ ሳቅ የጻፍከውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ቀን ሶፋውን ለብጬ አፈረስኩ፣ ለብጬ አፈረስኩ። ፈራሁ። ሌላ ቃል የለውም። ነገ እቀጥላለሁ።

ኅዳር 16

ትናንት ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ዲስኩን አስገባችው። ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና ተቀመጠችበት። «ዛሬ ማጥፋት የለም» አለችኝ።

አንተ ስላልሰማኸው እኔ የሰማሁትን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። ዘፈኑ ያልቃል። ጭብጨባ አለ፣ ፉጨት አለ፤ ባንተ አሠራር ሁሉም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። ወንድም ጋሼ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ወደኔ ይዞራል። ኮስተር ብሏል። ቀጫጭኑን ድምፅ እንደዚያ ሰማይ ስላደረስከው የአፉ እያንዳንዱ ቃል ከጩኸቱ ተነጥሎ ይሰማል። እንዲህ ነው ያለኝ፦

«ቸኩሌ፣ የጫማህ ክር ተፈቷል፤ ፔዳሉ ላይ እየተጠመጠመብህ ነው። ቀስ ብለህ እሰረው። እስክትጨርስ እኔ አወራላቸዋለሁ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለኝም።

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ወንድም ጋሼ ወደ ሕዝቡ ይዞራል፤ «ደመናው ከየት መጣ? ዣንጥላ የያዘ አለ? እኔ አልያዝኩም፤ ጎፈሬዬ ይበቃኛል» እያለ ይቀባጥራል። አንዴ ወደኋላ ቃኘት ያደርገኛል፤ እኔ ገና ነኝ፤ እንደገና ስለ ደመናው ይጀምራል። ይቅርታ እየጠየቀልኝ አልነበረም። ጫማዬን እስካስር እየጠበቀኝ ነበር።

ዲስኩ ላይ ማሰሬ አይታይም፤ እግሬን ቆርጠውታላ! ባለቤቴ ያንን ድምፅ አልባ ካሴት ከቁም ሳጥን አወጣች። ማጫወቻውን ሁለቴ በጥፊ ካልነው በኋላ ሠራ። እሱ ላይ እግሬ አለ። አንድ ነጭ ክር ከጫማዬ ወርዶ ፔዳሉ ሥር ገብቷል። ጎንበስ እላለሁ፤ አስራለሁ። ያን ቀን ጎንበስ ያልኩት ፊቴን ለመደበቅ ነበር። ክሩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳላስበው አሰርኩት፤ ከዚያም ረሳሁት። ዱላው ያመለጠኝም ለዚያ ነው፤ እግሬ ሲያዝ እጄ ደነገጠ። ወንድም ጋሼ ከፊት ሆኖ እየዘፈነ ይህን ሁሉ አይቷል።

አለቀስኩ። ምን ልደብቅህ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሐዘን ግን አይደለም። ልቤ ውስጥ አርባ ዓመት የተቀመጠ ድንጋይ ተነስቶ የት እንደሄደ አላውቅም። ባለቤቴን፣ «ታዲያ ባንዱ ለምን ፈረሰ?» አልኳት። «ባንድ የሚፈርሰው ሰው ሲያገባና ሥራ ሲይዝ ነው፤ በዚያ ዓመት ወንድምህ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፣ አንተ እኔን አገባህ» አለችኝ። ልክ ናት። አንድ ጊዜ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ሶፋዬ ላይ ተጋድሞ በነገረኝ ነበር።

አሁን ልብ አድርገህ አንብበኝ። ጆሮህ ደህና ቢሆን ኖሮ ይህን አልሰማም ነበር። አንተ ድሮ እንደምታውቅበት ቤዙን ሞላ፣ ቀጭኑን ለስለስ አድርገህ ያማረ ዲስክ ትሠራልኝ ነበር፤ የወንድም ጋሼ ቃልም ጭብጨባው ውስጥ ሰጥሞ ይቀር ነበር። አሁንም ዲስኩ መጥፎ ነው፤ እሱን አልሸሽግህም፣ ጆሮ ይበሳል። ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።

ቸኩሌ


ኅዳር 29

ለቸኩሌ፣

ደብዳቤህን ልጄ ጮክ ብላ ልታነብልኝ ብላ ነበር፤ «የጫማህ ክር» የሚለው ላይ ስትደርስ «ራስህ አንብበው» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። የቀረውን ራሴ አነበብኩት። የመጀመሪያውንም ደብዳቤህን ማንበቧን ልንገርህ። «ደንቆሮ» የሚለው ላይ ስትደርስ በሳቅ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ ፊቷ መቆም ትችላለህ።

በማግስቱ መስሚያውን ከመሳቢያ አወጣሁት። አድርጌው ጠረጴዛዬ ላይ ስቀመጥ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ሰዓቶቹ ይጮኻሉ! ሃያ ሦስት ሰዓት አንድ ላይ፤ ቀጥ ቀጥ ቀጥ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥም። ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ስሠራ አወልቀዋለሁ፤ ሰው ሲመጣ አደርገዋለሁ።

ለአሳታሚዎቹ ጽፌላቸዋለሁ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ ብዬ። መልሱን የጻፈችው ቴክኒሻኗ ራሷ ናት። ያልነካካነውን ቅጂ እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ። በሚያዝያ ዲስኩ ዳግም ሲታተም ድምፁን እንደገና እንሥራ ብላለች፤ ምስሉንም ሳይቆርጡ እንዲለቁት አስፈቅዳለች። ጎፈሬውም ይመለሳል፣ እግርህም ይመለሳል። ፎቶህን ግን አላነሳሁባትም፤ ባለቤትህ ያኛው ያምራል ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ጆሮ ያለው ሰው ይዤ ልምጣ አልኳት። «ማን?» አለችኝ። ያንተን ስም ሰጠኋት። እኔ እጄን አመጣለሁ፤ ሲበዛ ክርኔን ትነካኛለህ፣ ሲያንስ ትከሻዬን። የወንድምህን ድምፅ ከደረቱ እስክናወጣው ድረስ እንቀመጣለን። ያቺን የክሩን ቦታ ግን አንነካትም። እንዳለች፣ ጆሮ እየበሳች ትቀመጥ።

መምጫህን ቀን ጻፍልኝ፤ ባለቤትህም ትምጣ፤ ልጄ ክፍል አዘጋጅታለች። ቤቱን ለማግኘት፣ ከአውቶቡሱ ወርዳችሁ ፋርማሲውን አልፋችሁ አረንጓዴው በር ነው። አታንኳኩ። ምናልባት ሰዓት ላይ ተቀምጬ መስሚያውን አውልቄው ይሆናል። በሩ ክፍት ነው፤ ዝም ብላችሁ ግቡ።

ደረጃው ግን ቀጥ ያለ ነው ቸኩሌ። ከመውጣትህ በፊት ታች ቁምና ጫማህን ተመልከት። የማሰር ጊዜ አለህ፤ እኔ ሚስትህን አወራታለሁ።

ጆሮ